«ምናባዊ» ስንል ምን እያልን ነው? ስለ አምሳያ ማሽንና ስለ ክፍት ሶፍትዌር ስያሜዎች የቀረበ ሂስ

1. የሂሱ መነሻ

ይህ ጽሑፍ በአንድ ኮምፒዩተር ውስጥ ሌላ ኮምፒዩተር ለማሠራት የሚያገለግሉትን ክፍት ሶፍትዌሮች በአማርኛ ለመግለጽ የምንጠቀምባቸውን ስያሜዎች ይመረምራል። ምርመራው ሂስ ነው፤ ሂሱም ከሁሉ አስቀድሞ የሚመለከተው ራሳችንን ነው። ከዚህ ቀጥሎ የምንተቻቸውን ቃላት ለረጅም ጊዜ ያለ ጥርጥር ስንጽፋቸው ከነበሩት መካከል እኛም አለንበትና።

ነገሩ የተጀመረው እንዲህ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ መሥሪያ ቤት የሚገኙ የመዝገበ ቃላት ካርዶችን ከመጥፋት ለማዳን በአማካሪነት ተጠርተን ነበር። ካርዶቹ በኮምፒዩተር የተጻፉት የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ሥርዓት ውስጥ ከመግባቱ በፊት፣ ማለትም ከ1999 በፊት ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በዚያን ጊዜ የነበሩት የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች የእኛን ፊደላት በላቲን ሆሄያት ቦታ ላይ በየራሳቸው አደራደር ያስቀምጡ ስለነበር፣ ፋይሎቹ በዛሬ ፕሮግራም ሲከፈቱ የሚታየው የላቲን ፊደላትና የምልክቶች ዝብርቅ ብቻ ነበር። በትክክል የሚነበቡት የጥንቱ ፕሮግራም በጥንቱ ዊንዶውስ ላይ ሲሠራ ነው። ያንን ያሠራ የነበረው የመጨረሻው አሮጌ ኮምፒዩተር ደግሞ ተበላሽቶ ከአገልግሎት ወጥቷል።

መፍትሔውን ያገኘው አንድ ወጣት የኮምፒዩተር ባለሙያ ነበር። ቨርቹዋልቦክስ የተባለውን ሶፍትዌር በአዲስ ኮምፒዩተር ላይ ጫነና በውስጡ አሮጌውን ዊንዶውስ አቋቋመ። ካርዶቹ ከብዙ ዓመታት በኋላ በራሳቸው ፊደል ተነበቡ፤ እርማቱም ተጀመረ። እኛም ለመሥሪያ ቤቱ በጻፍነው የአሠራር ማስታወሻ ላይ ካርዶቹ የሚገኙት በኮምፒዩተሩ ውስጥ ባለው «ምናባዊ ዲስክ» ላይ መሆኑን አመለከትን።

ሦስት ወር ያህል ከተሠራ በኋላ የኮምፒዩተሩ ቦታ ሞላ። ቦታ እንዲያስለቅቅ የታዘዘው ሠራተኛ ከፋይሎቹ ሁሉ ትልቁን መርጦ፣ ማስታወሻችንንም አገላብጦ አይቶ፣ ፋይሉን ሰረዘው። ሲጠየቅ የሰጠው መልስ አጭር ነበር፤ «ምናባዊ ነው ይላል። የሌለ ዲስክ ይህን ሁሉ ቦታ ሊይዝ አይገባም ብዬ ነው» አለ። ካርዶቹ እርማቱ ከመጀመሩ በፊት በውጭ ዲስክ ላይ ተገልብጠው ስለነበር ጨርሰው አልጠፉም። ነገር ግን ከ«መ» እስከ «ሰ» ባሉት ፊደላት ሥር የተደረገው የሦስት ወር እርማት ጠፋ። ሠራተኛው አማርኛውን አነበበ፤ አማርኛው እንደሚለውም አደረገ። ጥፋቱ የቃሉ ነው፤ ቃሉን የጻፍነው ደግሞ እኛ ነን።

2. የተሰያሚው ምንነት

ስያሜን ለመተቸት አስቀድሞ ተሰያሚውን ማወቅ ያስፈልጋል። ዊንዶውስም ሆነ ሊኑክስ፣ ስርዓተ ክወና በተለመደው አሠራሩ ፕሮሰሰሩን፣ ማህደረ ትውስታውንና ዲስኩን ሁሉ የራሱ ብቻ አድርጎ ይቆጥራል፤ ከእሱ በላይ አዛዥ መኖሩን አያስብም። ሁለት ስርዓተ ክወናዎች አንዱን ኮምፒዩተር በአንድ ጊዜ በጋራ ሊያዝዙበት የማይችሉትም ስለዚህ ነው፤ በአንድ ቤት ሁለት አባወራ አይሆንም። እዚህ ላይ የምንነጋገርበት ሶፍትዌር በመካከል ገብቶ ለእያንዳንዱ የራሱ ቤት የሆነለትን ይሰጠዋል። በውስጥ ላለው ስርዓተ ክወና ዲስክ ሆኖ የሚታየው በአካላዊው ዲስክ ላይ የተቀመጠ አንድ ትልቅ ፋይል ነው። ማህደረ ትውስታ ሆኖ የሚታየው ከአካላዊው ማህደረ ትውስታ ተቆርሶ የተሰጠው ድርሻ ነው። የኔትወርክ ካርድ ሆኖ የሚታየው ካርድ የሚመልሰውን መልስ የሚመልስ ፕሮግራም ነው።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። የአይቢኤም ተመራማሪዎች በ1960ዎቹ ዋጋው እጅግ ውድ የነበረውን ትልቅ ኮምፒዩተር ለብዙ ሰዎች ለማካፈል ሲሉ፣ እያንዳንዱ ተጠቃሚ የራሱ ሙሉ ኮምፒዩተር ያለው ያህል እንዲሠራ የሚያስችል ሥርዓት ሠሩ፤ ኩባንያውም በ1972 ቪኤም/370 የተባለውን ሥርዓት ይፋ አደረገ። በ1974 ደግሞ ጄራልድ ፖፔክና ሮበርት ጎልድበርግ ባሳተሙት ጥናት ለነገሩ ጥብቅ ብያኔ ሰጡት። የእነሱ ብያኔ ባጭሩ ሲገለጽ፣ እንዲህ ያለው ማሽን የእውነተኛው ማሽን ቀልጣፋና የተከለለ ግልባጭ ነው። ለዚህም ሦስት መስፈርቶች አኖሩ። አንደኛ፣ በውስጡ የሚሠራ ፕሮግራም በእውነተኛው ማሽን ላይ የሚኖረውን ጠባይ ሊያሳይ ይገባል። ሁለተኛ፣ አብዛኞቹ ትእዛዞች ያለ አማላጅ በቀጥታ በእውነተኛው ፕሮሰሰር ሊፈጸሙ ይገባል። ሦስተኛ፣ በሀብቱ ላይ ሙሉ ሥልጣን ያለው ተቆጣጣሪው ብቻ ሊሆን ይገባል። አንባቢ እነዚህን ሦስት መስፈርቶች እንዲይዝልን እንጠይቃለን፤ ከዚህ በኋላ ስያሜዎቹን የምንመዝነው በእነሱ ነውና።

ይህ ጥበብ በየጠረጴዛችን ላይ ወዳለው ኮምፒዩተር እንዲደርስ ክፍት ሶፍትዌሮች ታላቅ ድርሻ ነበራቸው። በእንግሊዝ አገር በኬምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የተሠራው ዜንና ፈረንሳዊው ፋብሪስ ቤላር የጀመረው ኪውኢሙ በ2003 ለሕዝብ ቀረቡ። ኢንቴል በ2005፣ ኤኤምዲ በ2006 ይህንኑ ሥራ የሚያግዝ ችሎታ በፕሮሰሰሮቻቸው ውስጥ አስገቡ። በዚያ ችሎታ ላይ የተመሠረተው ኬቪኤም በ2007 የሊኑክስ አስኳል አካል ሆነ። በዚያው ዓመት ኢኖቴክ የተባለው የጀርመን ኩባንያ የቨርቹዋልቦክስን ምንጭ ኮድ ለሕዝብ ለቀቀ፤ ኢኖቴክን በ2008 ሰን፣ ሰንን ደግሞ በ2010 ኦራክል ገዛው።

ይህን የዘረዘርነው ለታሪክ ያህል ብቻ አይደለም። የእነዚህ ፕሮግራሞች ምንጭ ኮድ ለሚሻ ሁሉ የተገለጠ ነው። በተዘጋ ሣጥን ውስጥ ላለ ነገር በግምት ስም ያወጣ ሰው ይቅርታ ሊደረግለት ይችላል። ሣጥኑ ተከፍቶ እያለ ወደ ውስጥ ሳይመለከቱ፣ የእንግሊዝኛውን መዝገበ ቃላት ብቻ ገልጦ ስም ማውጣት ግን ምክንያት የለውም። የክርክራችን ፍሬ ነገር ይኸው ነው፤ የሙያ ቃል ሊወለድ የሚገባው ከነገሩ ግብር እንጂ ከባዕዱ ቃል የመጀመሪያ ፍቺ አይደለም።

3. «ምናባዊ»

«ቨርቹዋል» የሚለው የእንግሊዝኛ ቅጽል ሥሩ ላቲን ነው፤ የላቲኑ ቃል ብርታትን፣ ኃይልን፣ ብቃትን ያመለክታል። ከዚያ የተወረሰው ፍቺ በቅርጽ ወይም በአካል ያልሆነውን፣ በውጤት ግን የሆነውን ነገር ይገልጻል። ማሽኑ ስሙን ያገኘው በዚህ ፍቺ ነው።

አማርኛው «ምናባዊ» የሚነሣው ከሌላ ቦታ ነው። ምናብ የሰው አእምሮ የሌለውን ነገር አስቦ የሚሥልበት ችሎታ ነው። የቅጽሉ እማሬያዊ ፍቺ «በሐሳብ ብቻ ያለ» ማለት ሲሆን፣ ፍካሬያዊ ፍቺው ደግሞ ልብ ወለድን፣ ሕልምን፣ ምኞትን ያስከትላል። ገበሬ በምናቡ ቢያርስ ጎተራው አይሞላም። በቨርቹዋል ማሽን ላይ የተሠራ ሥራ ግን ጎተራ ይሞላል፤ ሂሳቡ ይሰላል፤ ደብዳቤው ይታተማል፤ ዲስኩ ቦታ ይይዛል፤ ፋይሉ ቢሰረዝም ይጠፋል። ሁለቱ ፍቺዎች ተቀራራቢ ይመስላሉ እንጂ ተቃራኒዎች ናቸው። አንደኛው «ውጤት አለው፣ አካል የለውም» ሲል ሁለተኛው «ውጤትም አካልም የለውም» ይላል።

በተቃራኒ ቃል ብንፈትነው ስሕተቱ ይበልጥ ይገለጻል። የምናባዊ ተቃራኒ «እውን» ነው። በ1974ቱ ጥናት «እውነተኛ ማሽን» የሚል አገላለጽ ቢኖርም፣ ዛሬ ባለሙያዎች በዕለት ሥራቸው ከቨርቹዋል ማሽን ጋር የሚያነጻጽሩት «አካላዊ ማሽን» የሚለውን ነው። አንድ ቃል ተቃራኒው ከተዛባ ፍቺው መዛባቱን መጠርጠር የመዝገበ ቃላት ሠሪ የመጀመሪያ ግዴታ ነው።

እንግዲህ በምን እንተካው? የመጀመሪያው አማራጭ ባዕዱን ቃል እንዳለ ወስዶ «ቨርቹዋል» ማለት ነው። ይህ ቢያንስ አያሳስትም፤ ነገር ግን ምንም አያስረዳም። ሁለተኛው አማራጭ ከግዕዝ የሊቃውንት ቋንቋ የሚገኝ ነው። ሊቃውንቱ «አካል» እና «ግብር» የሚሉትን ቃላት ለይተው መጠቀምን ከጥንት ያውቁበታል፤ የእኛም ማሽን አካል ሳይኖረው ግብር ያለው ነው። «ግብራዊ ማሽን» ማለት ከፍቺ አንጻር እጅግ ትክክል በሆነ ነበር። ይሁን እንጂ ግብር በዛሬው አነጋገር አስቀድሞ የሚያስታውሰው ለመንግሥት የሚከፈለውን ነው፤ «ግብራዊ ዲስክ» ሲባል የገቢዎች መሥሪያ ቤትን የሚያስብ አንባቢ አይጠፋም። ስለዚህ ይህን ቃል ለስያሜነት ሳይሆን ለብያኔ ብናስቀረው ይሻላል።

ሦስተኛውና እኛ የምንደግፈው አማራጭ «አምሳያ» ነው። ቃሉ ከ«መሰለ» የወጣ ሲሆን፣ አንድን ነገር በመልክም በችሎታም የሚተካከለውን ያመለክታል። «አምሳያ የለውም» ስንል እኩያ የለውም ማለታችን ነው። ይህ ፍቺ ከፖፔክና ከጎልድበርግ የመጀመሪያ መስፈርት ጋር በቀጥታ ይገጥማል። አምሳያ ማሽን፣ አምሳያ ዲስክ፣ አምሳያ ፕሮሰሰር ማለት ይቻላል፤ ረቂቅ ስሙም «አምሳያነት» ይሆናል። «አምሳያ ዲስክ» የሚል ማስታወሻ ያነበበ ሰው «የምን አምሳያ?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። «የሌለ ነገር ነው» ብሎ ግን አይሰርዘውም።

ሁለት ተቃውሞዎች ሊቀርቡብን ይችላሉ። የመጀመሪያው «ምናባዊ» በሰፊው ስለተለመደ መመለስ አይቻልም የሚለው ነው። ልማድ በቋንቋ ውስጥ ያለውን ሥልጣን አንክድም፤ ለዓይን ብቻ የተፈጠረ ዓለምን ለሚያሳዩ ጨዋታዎችና ትርኢቶች ቃሉ ቢቆይ አንቃወምም፤ በዚያ አገባብ ምናብ በእርግጥ አለና። መረጃ የሚቀመጥበትን ነገር ለመሰየም ግን አይሆንም። ሁለተኛው ተቃውሞ «አምሳያ» ለሌሎች ፅንሰ ሐሳቦችም ያገለግላል የሚለው ነው። ይህም እውነት ነው፤ ነገር ግን ቅጽሉን የሚከተለው ስም ሁልጊዜ ይለየዋል። በሌላ በኩል «ማመሳሰል» የሚለው ግሥ ሁለት ፋይሎችን አንድ ዓይነት ለማድረግ ስለተያዘ፣ ለድርጊቱ «በአምሳያ ማሠራት» ብንል ከመደናገር እንድናለን።

«ማሽን» ስለሚለው ቃልም አንድ ነገር እንበል። ከጣሊያንኛ የወረስነው «መኪና» በአንድ ወቅት ይህን ፍቺ ሁሉ ይሸፍን ነበር፤ የልብስ ስፌት መኪናና የጽሕፈት መኪና ለዚህ ምስክሮች ናቸው። ዛሬ ግን መኪና ሲባል በጎዳና ላይ የሚሄደው ብቻ ስለሚታሰብ «ማሽን» የሚለውን ውሰት መያዙ ይመረጣል።

4. «አስተናጋጅ» እና «እንግዳ»

አካላዊው ኮምፒዩተር ወይም በእሱ ላይ ያለው ስርዓተ ክወና «አስተናጋጅ»፣ በአምሳያ ማሽኑ ውስጥ የሚሠራው ደግሞ «እንግዳ» ይባላል። «እንግዳ» በሚገባ ተመርጧል። «አስተናጋጅ» ግን በመሠረቱ መልካም ቃል ቢሆንም በከተማ አነጋገር የሆቴልና የቡና ቤት ሠራተኛን ወደ ማመልከት አዘንብሏል። በዚህ ግንኙነት የሚያዝዘው እንግዳው ነው፤ አስተናጋጁ ይታዘዛል። ሦስተኛው መስፈርት ግን የሚለው የዚህን ተገላቢጦሽ ነው። እንግዳው ስንት ማህደረ ትውስታ እንደሚያገኝ፣ የትኛውን ፋይል እንደሚያይ፣ መቼ ሥራ እንደሚያቆም የሚወሰነው ከእሱ ውጭ ነው።

አማርኛ ለዚህ የተሻለ ቃል አለው። መንገድ ላይ የመሸበት ሰው ደጅ ቆሞ «የመሸብኝ የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ፤ አሳድሩኝ» ይላል። የሚያሳድረው ሰው መደብ ያሳየዋል፤ ከማዕዱ ያካፍለዋል፤ የቤቱ ባለቤት መሆኑን ግን አይተውም። እንግዳው ወደ ጓዳ አይገባም። ጣሪያው ቢያፈስ በሁለቱም ላይ ያፈሳል። «አሳዳሪ» በጥንቱ አገባብ ሎሌ የሚያሳድረውን ጌታም ያመለክት ስለነበር፣ የሥልጣኑ ፍቺ በቃሉ ውስጥ አለ። ስለዚህ «አሳዳሪ ስርዓት» እና «እንግዳ ስርዓት» እንዲባል እንጠቁማለን። ምሳሌው የማይገጥመው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ የእኛ እንግዳ ስርዓት አብዛኛውን ጊዜ ራሱን የቤቱ ጌታ አድርጎ ይቆጥራል።

በሁለቱ መካከል የሚቆመው «ሃይፐርቫይዘር» ነው። በእንግሊዝኛው «ሱፐርቫይዘር» የስርዓተ ክወና አስኳል የቀድሞ መጠሪያ ስለነበር፣ ከእሱም በላይ ላለው ተቆጣጣሪ ይበልጥ ከፍ ያለ ቅጥያ ተፈለገለት። በአማርኛ ሁለቱንም «ተቆጣጣሪ» ማለት ይህን ደረጃ ያጠፋዋል። ከግዕዝ የመጣውን «ላዕላይ» በአብዮቱ ዘመን «ላዕላይ መዋቅር» በሚለው አጠራር ሰፊው አንባቢ ለምዶታል። ስለዚህ «ላዕላይ ተቆጣጣሪ» ማለት እንግዳ ሳይሆን ደረጃውን ያሳያል። ላዕላይ ተቆጣጣሪ እንደ ዜን በቀጥታ በአካላዊው ማሽን ላይ ሊቀመጥ ይችላል፤ እንደ ቨርቹዋልቦክስም በሌላ ስርዓተ ክወና ላይ ሊቀመጥ ይችላል። «አሳዳሪ ስርዓት» የሚለው አጠራር በትክክል የሚገባው ለሁለተኛው ዓይነት ነው።

5. «አስመሳይ»

ሌላው የሚያስተች ቃል «አስመሳይ» ነው። አንድን ዓይነት ማሽን በሌላ ዓይነት ማሽን ላይ በሶፍትዌር የሚያሠራው ፕሮግራም በእንግሊዝኛ ከሚጠራበት ስም ተተርጉሞ ነው። በአማርኛ አስመሳይ ማለት ግብዝ ማለት ነው። ስድብን ለመሣሪያ ስም መስጠት ተጠቃሚው በመሣሪያው ላይ እምነት እንዳይኖረው ከማድረግ በስተቀር የሚፈይደው የለም። ከዚህ የሚከፋው ደግሞ ቃሉ ሁለት የተለያዩ አሠራሮችን ደባልቆ መያዙ ነው። ልዩነቱ ለተርጓሚዎች በቀላሉ የሚገባ ስለሆነ ጥቂት እንቆይበት።

ኪውኢሙ ለአንድ ዓይነት ፕሮሰሰር የተጻፈን ፕሮግራም በሌላ ዓይነት ፕሮሰሰር ላይ ሲያሠራ በእርግጥ ይተረጉማል። ትእዛዞቹን ቁራጭ በቁራጭ አንብቦ ወደ አሳዳሪው ፕሮሰሰር ቋንቋ ይመልሳቸዋል፤ የመለሰውንም ቁራጭ ያስቀምጥና ያው ቁራጭ ዳግመኛ ሲመጣ ያንኑ ያወጣል። ልምድ ያለው ተርጓሚ ተደጋጋሚ የውል አንቀጽ ሲያጋጥመው የሚያደርገውም ይህንኑ ነው። የትርጉም ሥራ ጊዜ ስለሚወስድ ግን ፕሮግራሙ በራሱ ማሽን ላይ ከሚሠራው ይልቅ ይዘገያል።

ኬቪኤም የሚሠራው በሌላ መንገድ ነው። እንግዳውና አሳዳሪው የአንድ ዓይነት ፕሮሰሰር ቋንቋ ስለሚናገሩ አስተርጓሚ አያስፈልጋቸውም። የእንግዳው ትእዛዞች በቀጥታ በፕሮሰሰሩ ይፈጸማሉ፤ ሥልጣን የሚነካ ትእዛዝ ሲመጣ ብቻ ፕሮሰሰሩ ራሱ አቁሞ ነገሩን ወደ ላዕላይ ተቆጣጣሪው ያስተላልፈዋል። ይህ የሁለተኛው መስፈርት ፍጻሜ ነው። ሁለቱ ፕሮግራሞች ብዙ ጊዜ በአንድነት ይሠራሉ፤ ኬቪኤም ትእዛዞቹን በፕሮሰሰሩ ያስፈጽማል፤ ኪውኢሙ ደግሞ አምሳያ ዲስኩንና አምሳያ ካርዱን ያቀርባል።

ስለዚህ አዲስ ቃል ከመፍጠር ይልቅ አሠራሩን በግልጽ መናገሩን እንመርጣለን። የመጀመሪያው «በትርጉም ማሠራት»፣ ሁለተኛው «በቀጥታ ማሠራት» ይባል። ሁሉም ነገር ባለ አንድ ቃል ስም ሊኖረው ይገባል የሚለው እምነት የስያሜ ሥራችን የቆየ ድክመት ነው።

6. «ቅጽበታዊ ቅጂ»

እነዚህ ሶፍትዌሮች የአምሳያ ማሽኑን ይዞታ በአንድ ቅጽበት ላይ ምልክት አድርገው፣ ኋላ ችግር ቢፈጠር ወደዚያ እንድንመለስ ያስችሉናል። እንግሊዝኛው ነገሩን ከፎቶግራፍ ጋር ስላመሳሰለው አማርኛውም «ቅጽበታዊ ቅጂ» ወደ ማለት ያዘነብላል። እዚህ ላይም ቃሉ ያሳስታል። ምልክቱ ሲደረግ ዲስኩ አይገለበጥም። የቀድሞው የዲስክ ፋይል እንዳለ ተዘግቶ ይቀመጥና ከዚያ በኋላ የሚደረገው ለውጥ ብቻ በአዲስ ፋይል ላይ ይጻፋል። ሁለተኛው ፋይል ያለ መጀመሪያው ትርጉም የለውም። «ቅጂ አለኝ» ብሎ የመጀመሪያውን ፋይል የሚሰርዝ ሰው ሁለቱንም ያጣል። «መመለሻ» ብንለው ግብሩን እንናገራለን፤ ተመልሶ ለመምጣት ደግሞ መነሻው በቦታው መገኘት እንዳለበት አማርኛ ተናጋሪ ሁሉ ያውቃል። «መጠባበቂያ ቅጂ» የሚለውን በሌላ ዲስክ ላይ ለሚቀመጥ ሙሉ ግልባጭ ብቻ እንጠብቀው።

7. «ክፍት» እና «ነፃ»

በመጨረሻ የምናነሣው የሶፍትዌሮቹን ፈቃድ የሚገልጹትን ቃላት ነው። ሪቻርድ ስቶልማን በ1983 በይፋ የጀመረው እንቅስቃሴ ሶፍትዌሩን የጠራው ነፃነትን በሚገልጽ ቅጽል ነበር። የእንግሊዝኛው ቅጽል ነፃነትንም ዋጋ አለመክፈልንም ስለሚያመለክት ዘወትር ማብራሪያ ያስፈልገዋል። በ1998 ሌሎች ሰዎች «ክፍት ምንጭ» የሚለውን አጠራር ሲያቀርቡ ከምክንያቶቻቸው አንዱ ይህ አሻሚነት ነበር።

አማርኛ በዚህ ረገድ የታደለ ቋንቋ ነው። «ነፃ» ስንል ነፃነት ያለው፣ «በነፃ» ስንል ያለ ክፍያ ማለታችን ነው። እንግሊዝኛ በረጅም ማብራሪያ የሚለየውን አማርኛ በአንዲት «በ» ሊለየው ይችላል። በጽሑፎቻችን ላይ ግን ይህን ልዩነት አንጠብቅም፤ «ነፃ ሶፍትዌር» ብለን ዋጋ የማይጠየቅበትን፣ «በነፃ የሚገኝ» ብለን ነፃነት ያለውን እንገልጻለን። ቨርቹዋልቦክስ ለዚህ ጥሩ መፈተኛ ነው። ዋናው ክፍሉ በጂኤንዩ አጠቃላይ ሕዝባዊ ፈቃድ ሥር የሚገኝ ስለሆነ ማንም ሰው ሊያየው፣ ሊለውጠውና ሊያሰራጨው ይችላል፤ ነፃ ነው። ለብቻው የሚጫነው ማስፋፊያ ክፍል ግን ለግልና ለትምህርት አገልግሎት ክፍያ ሳይጠየቅበት፣ ለንግድ አገልግሎት ሲሆን ሌላ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ማስፋፊያው ለተማሪ በነፃ የሚሰጥ ነው፤ ነፃ ግን አይደለም። ሁለቱን ቃላት የደባለቀ ተርጓሚ አንድን ድርጅት ሳያውቅ ከሕግ ጋር ሊያጋጨው ይችላል። የላዕላይ ተቆጣጣሪው ነፃነት ወደ እንግዳው እንደማይተላለፍም መነገር አለበት፤ በነፃ ሶፍትዌር ውስጥ የሚሠራ ዊንዶውስ የራሱን ፈቃድ ይጠይቃል።

«ክፍት ምንጭ» ስለሚለው ደግሞ፣ «ክፍት» በአማርኛ ባዶንና ጠባቂ የሌለውንም እንደሚያመለክት እናስታውስ። ክፍት የሥራ ቦታ ሰው ያልያዘው ነው፤ ክፍት ያደረ ቤት ሌባን የሚጋብዝ ነው። ኮዱ ለሁሉ የታየ መሆኑ ለተጠቃሚው መረጃ ጥበቃ የለም ማለት አይደለም። ቢሆንም ይህ ቃል እንዲለወጥ አንጠይቅም። በሙሉ አጠራሩ «ምንጭ ኮዱ ክፍት የሆነ ሶፍትዌር» ተብሎ በመጀመሪያ ሲገለጽና ከዚያ በኋላ ሲያጥር ጉዳቱ ጥቂት ነው። ሂስ የሚያፈርሰውን ብቻ ሳይሆን የሚተወውንም ማወቅ አለበት።

8. መደምደሚያ

ከላይ የቀረበው ሲጠቃለል፣ መረጃ በሚያዝባቸው ነገሮች ሁሉ «ምናባዊ» በ«አምሳያ»፣ «አስተናጋጅ» በ«አሳዳሪ»፣ ደረጃ የማይለየው «ተቆጣጣሪ» በ«ላዕላይ ተቆጣጣሪ»፣ «ቅጽበታዊ ቅጂ» በ«መመለሻ» ቢተኩ፤ «አስመሳይ» ቀርቶ አሠራሩ «በትርጉም» ወይም «በቀጥታ» ተብሎ ቢገለጽ፤ «ነፃ» እና «በነፃ» ደግሞ ሳይደባለቁ ቢጻፉ የሚል አስተያየት አለን። ከእነዚህ መካከል «አሳዳሪ» ክርክር እንደሚያስነሣ እንገምታለን፤ የተሻለ የሚያቀርብ ቢገኝ የራሳችንን ለመተው ዝግጁ ነን። ስለ «ምናባዊ» ግን ለመመለስ አናስብም።

በተባለው መሥሪያ ቤት እርማቱ እንደገና ከ«መ» ተጀምሮ ተሠርቷል። ማስታወሻውንም እንደገና ጽፈነዋል። አሁን የሚነበበው እንዲህ ነው፤ «ካርዶቹ የሚገኙት በአምሳያ ዲስክ ላይ ነው። አምሳያ ዲስክ በዚህ ኮምፒዩተር ላይ ያለ አንድ ፋይል ነው። ፋይሉ ከተሰረዘ ካርዶቹ ይጠፋሉ።» ከስያሜው በታች የተጨመሩት ሁለት ዐረፍተ ነገሮች በመጀመሪያው ማስታወሻ ላይም ሊኖሩ ይገባ ነበር። ትክክለኛ ቃል ማብራሪያን ያሳጥራል እንጂ አያስቀርም፤ የተሳሳተ ቃል ግን ማብራሪያውንም ጭምር ያከሽፋል።